መዝገቡ ዝም ያለበት ቦታ

ጁላይ 25 ቀን 1853 በካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ፣ ካንቱዋ ከተባለ ጅረት አጠገብ፣ ካፒቴን ሃሪ ላቭና ሬንጀሮቹ በሜክሲኮ ፈረሰኞች ሰፈር ላይ ደረሱ። ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ወደቀ። ሬንጀሮቹ የአንዱን ሟች ራስ፣ የሌላውን እጅ ቆርጠው አልኮል በሞላ የመስታወት ዕቃ ከተቱ፤ ራሱም የወንበዴው የሆአኪን ሙሪዬታ መሆኑን አወጁ። (የአሜሪካው ዘመን ሁሉ እዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የመስታወቱ ዕቃ ከከተማ ከተማ እየዞረ በአንድ ዶላር መግቢያ ለሕዝብ ሲታይ ኖረ። በ1906 በሳን ፍራንሲስኮ ርዕደ መሬትና ቃጠሎ እንደጠፋ ይነገራል። የሟቹ ማንነት ግን ዕቃው ሳይጠፋ በፊትም አጠራጣሪ ነበር።

ጥርጣሬው ምክንያት ነበረው። ሬንጀሮቹን ያቋቋመው የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ሕግ የሚታደነውን ሰው ለይቶ መጥራት አቅቶት ሆአኪን የሚባሉ አምስት ሰዎችን ዘርዝሯል። ለሃያ ሰዎች የሦስት ወር ደመወዝ፣ በወር 150 ዶላር ተመደበ፤ አገረ ገዢው ጆን ቢግለርም 1,000 ዶላር ወሮታ ጨመረ። ቀኑ እየገፋ፣ ገንዘቡ እያለቀ ነበር፤ ባዶ እጅን መመለስ አይቻልም። የሳን ፍራንሲስኮው «አልታ ካሊፎርኒያ» ጋዜጣ ብዙም ሳይቆይ ነገሩን ማጭበርበር ነው ብሎ ጻፈ።

ልብ ወለድ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1854፣ ጆን ሮሊን ሪጅ የሆአኪን ሙሪዬታን ሕይወትና ጀብዱ የሚተርክ መጽሐፍ በሳን ፍራንሲስኮ አሳተመ። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ የታተመ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ እንዲሁም በአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተወላጅ የተጻፈ የመጀመሪያው ልብ ወለድ አድርገው ይቆጥሩታል። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሰላማዊ የሜክሲኮ ወጣት ወርቅ ሊቆፍር ይመጣል፤ ነጭ ማዕድን ቆፋሪዎች ፍቅረኛውን ይደፍራሉ፣ ወንድሙን ይሰቅላሉ፣ እሱን ራሱን ይገርፋሉ፤ እሱም ደማቸውን ሊያፈስ ይምላል።

አንባቢ ይህን ለምን አመነ? አንደኛው ምክንያት የጀርባው እውነት ነው። በ1850 ካሊፎርኒያ የውጭ አገር ማዕድን ቆፋሪዎች ላይ በወር 20 ዶላር ግብር ጥላ ነበር፤ ይህም ስፓኒሽ ተናጋሪ ቆፋሪዎችን ከወርቁ ሜዳ ያባረረ ሕግ ነው። ሪጅ ራሱ በ1850 ወደ ካሊፎርኒያ መጥቶ የማዕድን ሰፈሩን፣ መንገዱንና ጭቃውን አይቶታል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው። ሪጅ የቸሮኪ ሕዝብ ልጅ ነው። አባቱ የቸሮኪን መሬት ለአሜሪካ መንግሥት የሚያስረክበውን ውል ከፈረሙት አንዱ ስለነበሩ በ1839 የገዛ ወገኖቻቸው ከቤት ጎትተው በቤተሰባቸው ፊት በጩቤ ገደሏቸው። ልጁ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። በሙሪዬታ አንደበት የሚናገረው ቂም ከየትም የተቃረመ አይደለም፤ ጸሐፊው ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው።

ሆኖም ያ ቂም ያላየው ነገርም አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ቻይናውያን ማዕድን ቆፋሪዎች በጅምላ ይታረዳሉ፤ ስም የላቸውም፣ የሚያለቅስላቸውም የለም። የራሱን ሕዝብ በደል እንዲህ አጥብቆ የያዘ ብዕር የጎረቤቱን ሬሳ በአጠገቡ ሲያልፍ ማየት ያሳዝናል። ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው የራሱ ቁስል ከሚያሳየው ባሻገር መመልከት እንዳለበት ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሪጅ በመግቢያው ላይ ሥራው ለመጪው የካሊፎርኒያ ታሪክ ግብዓት እንዲሆን ተመኝቷል። ምኞቱ ከጠበቀው በላይ ሠመረ። በ1859 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ታሪኩን ሰርቆ፣ የሴቶቹን ስም ቀይሮ አወጣው። ከዚያ ቴዎዶር ሂተልና ሂዩበርት ሃው ባንክሮፍት የተባሉት ስመ ጥር የታሪክ ጸሐፊዎች ከልብ ወለዱ የመጣውን በጥራዞቻቸው እንደ ታሪክ አሰፈሩት። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው «በታሪክ መጽሐፍ ተጽፏል» ማለት ይችላል። ፓብሎ ኔሩዳ በ1967 ባወጣው ተውኔት ሙሪዬታን የአገሩ የቺሊ ሰው አደረገው። ጆሴፍ ሄንሪ ጃክሰን የተባለ ጸሐፊ የሪጅ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም በ1955 ዳግም ሲታተም በጻፈው መግቢያ የምናውቀው ሙሪዬታ በአብዛኛው የሪጅ ፈጠራ መሆኑን ቢያሳይም፣ ጀግናው በየከተማው ወግ ውስጥ ከተቀመጠ መቶ ዓመት አልፎት ነበር።

ፕሌዘንተን ከእነዚያ ከተሞች አንዷ ናት። ዛሬ ከኦክላንድ በባርት ባቡር የሚደርሱባት፣ ወደ ሳን ሆዜ የሚወስደው አውራ ጎዳና በጎኗ የሚያልፍ፣ ጸጥታዋ የሚወራላት የአላሚዳ ካውንቲ ከተማ ናት። በ1850ዎቹ አሊሳል ትባል ነበር። የከተማዋ ወግ እንደሚለው አሊሳል የሽፍቶች መናኸሪያ ነበረች፤ ከወርቁ ሜዳ የሚመለስ መንገደኛ ይዘረፍባት፣ ሙሪዬታም ይሸሸግባት ነበር። የወንበዴ ከተማ የሚለው ዝና ለልብ ወለድ ጸሐፊ ጣፋጭ ነው፤ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። የአሊሳልን ሙሪዬታ የሚጽፍ ሰው ከሪጅ መጽሐፍ ወዲህ የተነገረውን ወግ እንጂ ከመጽሐፉ በፊት የነበረውን ሰው እየጻፈ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ጸሐፊው ከምን ይጀምር? ከመሬቱ። በ1839 የሜክሲኮው አገረ ገዢ ሁዋን ባውቲስታ አልቫራዶ ከ48,000 ኤከር የሚበልጠውን የቫዬ ደ ሳን ሆዜን ርስት ለበርናል፣ ለሱንዮልና ለፒኮ ቤተሰቦች ሰጠ። አጉስቲን በርናል በ1850 ከሸለቆው ምዕራብ፣ ከኮረብታው ሥር የጭቃ ጡብ ቤቱን ሠራ። ካሊፎርኒያ በአሜሪካ እጅ ስትገባ በ1851 የወጣው ሕግ ባለርስቶች ሁሉ በኮሚሽን ፊት ቀርበው ርስታቸውን እንዲያስመሰክሩ አስገደደ። ሕጉ ብዙ ቤተሰብ ያራቆተ ነው፤ የጠበቃ ወጪው ብቻ መሬቱን ይበላው ነበር። ግን ያ ክርክር ሌላ የትም የማይገኝ ነገር አስቀረ። ጎረቤት ቀርቦ ድንበሩ በየትኛው ዛፍ እንደሚያልፍ፣ ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ከብቱ የት እንደሚሰማራ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር በመሐላ ተናገረ። ርስቱን የሚያሳዩት በእጅ የተሣሉ ካርታዎች ጅረቱንና ኮረብታውን ይዘው ዛሬም በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ባንክሮፍት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የሪጅን ፈጠራ እንደ ታሪክ የተቀበለው ያው ባንክሮፍት፣ በ1870ዎቹ ረዳቶቹን በየቤቱ ልኮ የሽማግሌዎቹን ትዝታ በስፓኒሽ ማስጻፉም አይዘነጋም። ስብስቡን ዩኒቨርሲቲው በ1905 ገዛው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ከተማዋ ራሷ ትሰጣለች። ጆን ኮቲንገር የተባለው ኦስትሪያዊ ስደተኛና የሰላም ዳኛ በ1860ዎቹ ከተማዋን በጄኔራል አልፍሬድ ፕሌዘንተን ስም ሰየማት፤ ባቡር በ1869 ደረሰ፤ ከተማዋ በ1894 የራሷን አስተዳደር አቋቋመች። በ1854 የተሠራው የአልቪሶ የጭቃ ጡብ ቤት ታድሶ ከ2008 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሳንቦርን ኩባንያ ለእሳት ኢንሹራንስ የሣላቸው የአሜሪካ ከተሞች ካርታዎች ደግሞ የጡብ ቤቱን በሮዝ፣ የእንጨቱን በቢጫ እየለዩ የትኛው በረት ከየትኛው ዳቦ ቤት እንደሚዋሰን ያሳያሉ። አንድ ገጸ ባሕርይ ከሆቴሉ ወጥቶ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሮጥ የትኛውን ጥግ እንደሚታጠፍ ጸሐፊው ከእነዚህ ካርታዎች ማወቅ ይችላል። ፕሌዘንተን በአንጻሩ የሌላ አገር ያለፈ ዘመን መስላም ታውቃለች፤ በ1917 ሜሪ ፒክፎርድ የተወነችበት ‹ሬቤካ ኦፍ ሳኒብሩክ ፋርም› ፊልም ሲቀረጽ የሩቋን የሜይንን ገጠር ተክታ የቆመችው እሷ ናት። ተመልካች አላወቀባትም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ሐሳቡ ወደ መቅደላ መሄዱ አይቀርም። ዐፄ ቴዎድሮስን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው ከዜና መዋዕል ይልቅ ከመድረክና ከልብ ወለድ ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት፣ ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔቱን ጻፉላቸው፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አወጣ። ምንጭ አልጠፋም ነበር። የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል አለ፤ ንጉሡን በፍቅር ያያል፣ ግን እስከ መቅደላ ፍጻሜ አይደርስም። የአለቃ ወልደ ማርያም አለ፤ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ በንጉሡ ላይ ግን ጨካኝ ነው። የታሰሩት የውጭ ሰዎች፣ ሄንሪ ስተርን፣ ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ እንደተፈቱ ወዲያው መጽሐፋቸውን አሳተሙ። አፍቃሪው ከመጨረሻው በፊት ብዕሩን ያስቀምጣል፤ መጨረሻውን የሚተርኩት የተቀየሙትና የታሰሩት ናቸው። ልብ ወለድ ጸሐፊዎቹ የገቡት በዚህ ስንጥቅ ነው፤ የገነቡት ምስልም ከማንኛውም ሰነድ ይልቅ በሕዝቡ ልብ ጸንቷል።

ነውር የለበትም። ነውሩ ስንጥቁ የት እንደሆነ ሳያውቁ መግባት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ በትንሹ መድከም ግድ ይላል። ሁለት ሦስት ምሳሌ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ቴዎድሮስን በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የሚያሳርፍ ደራሲ መጽሐፉን እዚያው ገጽ ላይ ያበላሸዋል። በካሊፎርኒያም ያው ዛፍ ያው ወጥመድ ነው። ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣው በ1850ዎቹ በመሆኑ ዛሬ ኦክላንድ ላይ ኮረብታ የሸፈነው ደን ሙሪዬታ በተባለው ሰው ዘመን አልነበረም። ገንዘቡም እንዲሁ። በቴዎድሮስ ገበያ የሚቆጠረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብርና የአሞሌ ጨው ነው፤ የምኒልክ መልክ ያለበት ብር የመጣው ዘግይቶ ነው።

ቀኑ ከሁሉ ይከብዳል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ ግን የካቲት 23 ሁልጊዜ የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ምስጢሩ ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪን በ28 ቀን ዘግተው የእኛ አቆጣጠር አንድ ቀን መጨመሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንስ ነበር። ስለዚህ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን በዛሬ የስልክ መቀየሪያ የሚያሰላ ጸሐፊ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉበት ኤፕሪል 13 ቀን 1868 በዛሬው ስሌት ሚያዝያ 5 ይሆናል፤ እውነተኛው ቀን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ። መቅደላ ከመውደቋ በፊት ዓርብ ዕለት የተካሄደው የአሮጌ ውጊያ በቀን ስሕተት ከስቅለት ወደ ሌላ ቀን ቢሸሽ የዚያ ሳምንት ጾምና ጸሎት፣ ፍስክና ሐዘን ሁሉ ይናጋል። ስቅለት ዕለት ጦር ሜዳ የወረደ ወታደር በባዶ ሆዱ መዋጋቱን ማሰብ የሚችለው ቀኑን ያጣራ ደራሲ ብቻ ነው።

ፕሌዘንተን ግን ከዛፍና ከቀን የከበደ ጥያቄ ታነሣለች፤ ዝምታውን የፈጠረው ማን ነው የሚለውን። ከርስቱ በፊት፣ ሚሲዮን ሳን ሆዜ በ1797 ከመቋቋሙም በፊት፣ ሸለቆው የኦሎኒ ሕዝቦች ነበር። ሚሲዮኑ ሲፈርስ ብዙዎቹ በአሊሳል አጠገብ፣ በበርናሎች መሬት ላይ የራሳቸውን መንደር መሠረቱ። በ1890ዎቹ ፊቢ ሃርስት፣ የማዕድን ባለጸጋው የጆርጅ ሃርስት ባልቴት፣ ከመንደሩ አጠገብ ታላቅ ቤቷን ሠራች፤ ከመንደሩ ሰዎችም በቤቷ ይሠሩ ነበር። ይህች ሴት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ለጋስ ነበረች። የበርክሊ የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍልና ሙዚየም በ1901 የቆሙት በእሷ ገንዘብ ነው። እዚያ ያስተማረው አልፍሬድ ክሮበር ግን በ1925 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ እነዚህን ሰዎች በተግባር እንደጠፋ ሕዝብ ቆጠራቸው።

አልጠፉም ነበር። በዚያው በ1920ዎቹ ጆን ሃሪንግተን የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ ወደዚያው አካባቢ እየመጣ ማሪያ ኮሎስና ሆዜ ጉዝማን ከሚባሉ አዛውንት ጋር ተቀምጦ የቾቼንዮ ቋንቋቸውን በገጽ በገጽ ይጽፍ፣ የጉዝማንን ዘፈኖችም ይቀርጽ ነበር። አንዱ ምሁር የሉም ሲል ሌላው ዜማቸውን እያዳመጠ ነበር። ዘሮቻቸው ሙዌክማ ኦሎኒ ናቸው፤ በዚህ ክፍለ ዘመን የሃሪንግተንን ማስታወሻ ይዘው ቋንቋቸውን ዳግም መማር ጀምረዋል። የፊቢ ሃርስት ቤት በ1969 ተቃጠለ። ስለ ፕሌዘንተን ያለፈ ዘመን ልብ ወለድ የሚያስብ ሰው ጭብጡ ሙሪዬታ ጋ ሳይሆን እዚህ ያለ ይመስላል። በልጅነቷ የሃብታሟን ወለል የወለወለች፣ ከዓመታት በኋላ አያቷ ለእንግዳው ተመራማሪ ቃል ሲቆጥሩ የምታዳምጥ ሴት መኖሯ ልብ ወለድ ነው፤ የምትኖርበት ዓለም ግን በሰነድ የተደገፈ ነው።

ያው ዝምታ በቅርባችን ምን እንደሚመስል መዓዛ መንግሥቴ አሳይታለች። በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ የገባው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በጣልያን ወረራ የዘመቱ ሴቶችን ታሪክ ይተርካል። ስለ እነሱ የተጻፈው ጥቂት ስለነበር በጣልያን ገበያዎች አሮጌ የወታደር ፎቶግራፎች እየፈለገች ሰበሰበች፤ በሥዕሉ ጥግ የቆሙትን ሴቶች ማንነት ጠየቀች። ምርምሩ ከገፋ በኋላ ነው ቅድመ አያቷ ራሷ መዝመቷን ከእናቷ አፍ የሰማችው። የአባቷ ጠመንጃ ለባሏ እንዲሰጥ ሲወሰን ልጅቱ የበኩር ልጅ እኔ ነኝ ብላ ተሟግታ ረታች፣ ጠመንጃውንም ይዛ ዘመተች። እናቷ ለምን እስከዚያ ቀን እንዳልነገሯት ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ ቀላል ነበር፤ ጠይቃ አታውቅም።

በቤይ ኤሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን መልስ ልብ ሊሉት ይገባል። በስታንፎርድ የሚያስተምረው፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሐኪም አብርሃም ቨርጊስ በ2009 ባወጣው «ከቲንግ ፎር ስቶን» የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.ን ግርግር ከአንድ ምናባዊ ሆስፒታል መስኮት አሳይቶ በሚሊዮን ለሚቆጠር አንባቢ አድርሷል። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳናና በሳን ሆዜ የተሠራው ሕይወት ግን ገና ደራሲውን ይጠብቃል። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ በኋላ በሱዳን በኩል የመጡት ወጣቶች ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎች ናቸው። የእነሱ ሰነድ ባንክሮፍት ቤት አይገኝም፤ በቁም ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ የጫማ ሣጥን ነው፤ የአየር ደብዳቤ፣ ድምፅ ተቀድቶበት ወደ አገር ቤት ሊላክ ተዘጋጅቶ የቀረ ካሴት፣ የመጀመሪያ ደመወዝ ደረሰኝ።

ካሴት ደግሞ ዕድሜ የለውም፤ የሚያጫውተው መሣሪያም ከገበያ እየጠፋ ነው። እነዚህን ሰዎች የሚጠይቅ ጸሐፊ ከስደቱ ምክንያት ባይጀምር ይሻላል፤ ያንን ሁሉም ደጋግሞ ስለተናገረው መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ካርቱም ላይ ውኃ በምን ይቀዳ እንደነበር፣ ኦክላንድ በገቡበት ሳምንት እንጀራውን በምን ዱቄት እንደሞከሩት፣ ምጣዱን በምን እንደተኩት፣ የመጀመሪያውን ፋሲካ የትኛው ቤት እንደፈሰኩና ቀኑን ማን እንደነገራቸው ይጠይቅ።